የሐጃጁ መርከብና የወንበዴው ሚዛን

የባሕር ወንበዴ ሲባል በዛሬ ልጆች ልቦና የሚመጣው ሥዕል የታወቀ ነው፤ አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ የጋረደ፣ በትከሻው ላይ በቀቀን ያሳረፈ፣ የወርቅ ሣጥኑን በደሴት አሸዋ ውስጥ የሚቀብር፣ ክፉም ቢሆን የሚያስቅ ሰው። ይህን ሥዕል በአብዛኛው የሠራው ታሪክ ሳይሆን ልብ ወለድ ነው። እ.ኤ.አ በ1883 የታተመው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ድርሰት መሠረቱን ጣለ፤ ፊልሞች ደግሞ ጨመሩበት። እውነተኞቹ ወንበዴዎች ግን ሌላ ነበሩ። ታሪካቸውም በሩቅ የአሜሪካ ደሴቶች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በዘመኑ ከተፈጸሙት ዘረፋዎች እጅግ ስሙ የገነነው ሐጃቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው ይመለሱ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ የደረሰው ነው። ስለዚህ በጅዳና በመካ የምንኖር፣ ወይም ልባችን ዘወትር ወደዚያ የሚያዘነብል ሰዎች፣ ይህን ታሪክ ከወንበዴው መርከብ ላይ ሳይሆን ከሐጃጁ መርከብ ላይ ሆነን ልናነበው ይገባል።

የሂጅራ 1106 ሐጅ ካለፈ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። የሕንዱ የሙጋል ንጉሠ ነገሥት የአውረንግዜብ ንብረት የነበረችው «ገንጂ ሰዋኢ» የተባለች ታላቅ መርከብ በሞኻና በጅዳ የተሸጠውን የሕንድ ሸቀጥ ዋጋ በወርቅና በብር ይዛ፣ ብዙ መቶ መንገደኞችንም ጭና ወደ ሱራት ወደብ ታመራ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኤቨሪና ግብረ አበሮቹ በባብ አል-መንደብ የባሕር ወሽመጥ አጠገብ አድፍጠው የሐጃጆቹን መርከቦች መመለስ ሲጠባበቁ ቆይተዋል። መርከቦቹ በሌሊት ቢያመልጧቸውም ተከታትለው ደረሱባቸው። በመጀመሪያ የሱራቱ ባለጸጋ ነጋዴ የዐብዱልገፉር ንብረት የነበረችውን «ፈትሕ ሙሐመድ»ን ያዙ። ከዚያም መስከረም 7 ቀን 1695 እ.ኤ.አ ከ«ገንጂ ሰዋኢ» ጋር ተገናኙ። በመርከቧ ላይ ከነበሩት መድፎች አንዱ ፈንድቶ ተኳሾቹን ገደለ፤ የወንበዴዎቹ ጥይትም ዋናውን የሸራ ምሰሶ ጎዳው። ወንበዴዎቹ ዘለው ገቡ። ከዚያ በኋላ ለቀናት የሆነውን የዘመኑ የሕንድ ታሪክ ጸሐፊ ኻፊ ኻን መዝግቦታል፤ ሰዎች የደበቁትን እንዲያወጡ ተሰቃዩ፤ ሴቶች ተደፈሩ፤ ክብራቸውን ለማዳን ወደ ባሕር የተወረወሩም ነበሩ። ከዐረፋ ሜዳ ዱዓ አድርገው የተመለሱ ሰዎች መጨረሻ ይህ ነበር።

እነዚህ ወንበዴዎች እነማን ነበሩ? ከሰማይ የወረዱ ሰይጣናት አልነበሩም። ኤቨሪና ጓደኞቹ በእስፓኝ ወደብ በኮሩኛ በቆመች አንዲት የእንግሊዝ መርከብ ላይ ያገለግሉ ነበር። ደመወዛቸው ለወራት ሳይከፈላቸው ቀረ። በግንቦት 1694 አምጸው መርከቢቱን ወሰዱ፤ ስሟንም «ፋንሲ» አሉት። በዚያ ዘመን የመርከበኛ ኑሮ መራራ ነበር። ምግቡ የተበላሸ፣ ጅራፉ የማያርፍ፣ ደመወዙ በአዛዡና በባለንብረቱ ፈቃድ የሚከፈል ነበር። ለወንበድና ያበቃቸው በደል እውነተኛ በደል ነው፤ ታሪክን በሚዛን የሚመረምር ሰው ይህን አይክድም።

ልማዳቸውም የሚያስገርም ነው። በንግድና በጦር መርከቦች ላይ አዛዡ ፍጹም ገዥ በነበረበት ዘመን፣ ወንበዴዎች አለቃቸውን በድምፅ ይመርጡ፣ ሲያስከፋቸውም በድምፅ ይሽሩ ነበር። ከአለቃው ጎን ስንቁንና የምርኮውን ክፍፍል የሚቆጣጠር ሌላ ሹም ያቆማሉ፤ እርሱም የአለቃውን ሥልጣን ይገድባል። ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት ውል ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱም በስሙ ወይም በምልክቱ ይፈርማል። ምርኮው በድርሻ ይከፈላል፤ የአለቃው ድርሻ ከተራው መርከበኛ ብዙም አይርቅም፤ ብዙ ጊዜ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። በ1722 በውጊያ የሞተው ባርቶሎሚው ሮበርትስ በመርከቡ ላይ በገንዘብ ቁማር መጫወትን ከልክሎ ነበር፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላም መብራት እንዲጠፋ ደንግጎ ነበር። ለቆሰለ ሰው ካሣ ነበረው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በካሪቢያን ወንበዴዎች መካከል የኖረው ኤክስኬሜሊን እንደጻፈው፣ ቀኝ እጁን ያጣ 600 የእስፓኝ ብር፣ ግራ እጁን ያጣ 500፣ አንድ ዓይኑን ወይም አንድ ጣቱን ያጣ 100 ይቀበል ነበር።

ዛሬ እነዚህን ሰዎች የሚያወድሱ ጸሐፊዎች አሉ። የዴሞክራሲ ቀዳሚዎች፣ የድሆች ጠበቃዎች ይሏቸዋል። ነገር ግን ኤክስኬሜሊን ከዚያው ዝርዝር ጎን ያኖረውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ለቀኝ እጅ 600 ብር፣ «ወይም ስድስት ባሪያ»። የአንዱ መርከበኛ እጅ ካሣው የስድስት ሰዎች ነጻነት ነበር። የወንበዴው ሚዛን እንዲህ ያለ ነው። በመርከቡ ውስጥ ላሉት እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ትክክል ነው። ከመርከቡ ጠርዝ ውጭ ያለውን ሰው ግን እንደ ሰው አይቆጥረውም፤ ዕቃ አድርጎ ይመዝነዋል። ከ«ገንጂ ሰዋኢ» የተወሰደው ሀብትም በመርከበኞቹ መካከል በውሉ መሠረት በትክክል ተከፋፍሏል። ክፍፍሉ ትክክል መሆኑ የሐጃጆቹን ገንዘብ ሐላል አላደረገውም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ሽፍታን በፉከራና በወግ የማድነቅ ልማድ አለ። ጀግና ነው፣ ለወዳጁ ቃሉን አያጥፍም፣ የዘረፈውን ለብቻው አይበላም ይባልለታል። ከብቱ የተነዳበት ገበሬ፣ በገደል አፋፍ ጭነቱ የተገፈፈበት ሲራራ ነጋዴ ግን በወጉ ውስጥ ስም የለውም። የዘራፊው ስም በወግ ሲኖር የተዘረፈው ይረሳል።

ስለዚህ ጉዳይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የተላለፈ ታሪክ አለ፤ ቦታውም ይኸው የጅዳ ባሕር ነው። የሲራ ጸሐፍት እንደዘገቡት፣ በሂጅራ 9ኛው ዓመት ከሐበሻ ወገን የሆኑ ሰዎች በጅዳ ዳርቻ መታየታቸው ተሰማ። ነቢዩም ዐልቀማ ቢን ሙጀዚዝን ከ300 ሰዎች ጋር ላኩት። ዐልቀማ በባሕር ውስጥ ወዳለች ደሴት ሲሻገር ሰዎቹ ሸሹ። በመልስ ጉዞ ላይ ከጭፍራው ለከፊሉ አለቃ የተደረገው ሰው እሳት አንድዶ «ግቡበት» ብሎ አዘዘ፤ አንዳንዶቹም ለመግባት ተነሡ። ቀልድ ነበርና አስቆማቸው። ወሬው ነቢዩ ዘንድ በደረሰ ጊዜ፣ አላህን በማመፅ ለሚያዝ ሰው መታዘዝ እንደሌለ አስተማሩ። ከወንበዴ ፍለጋ በተመለሰ ጭፍራ ላይ የተነገረ ትምህርት መሆኑን ልብ እንበል። የጓደኛ ቃል፣ የአለቃ ትእዛዝ፣ የማኅበር ውል በሙሉ ወሰን አላቸው። በሐራም ላይ የተፈረመ ውል፣ ፈራሚዎቹ የቱን ያህል ቢተማመኑበት፣ አማና አይባልም።

ከዚያም በኋላ የጅዳ ባሕር ከዘራፊ አላረፈም። ዑስማን ቢን ዐፋን (ረ.ዐ) በሂጅራ 26 ጅዳን የመካ ወደብ ካደረጉ ወዲህ፣ የሐረሙ ሕዝብ እህልና የሐጃጁ መንገድ በዚህች ከተማ ደኅንነት ላይ ተንጠለጠለ። በሂጅራ 151 ከሲንድ ዳርቻ የመጡ «ኩርክ» የተባሉ ወንበዴዎች ጅዳን እንደወረሩ አጥ-ጦበሪ ጽፏል፤ ኸሊፋው አል-መንሱርም ከበስራ መርከብ አሰናድቶ አዘመተባቸው። በሂጅራ 578 (1183 እ.ኤ.አ) የከረክ ጌታ የነበረው የመስቀል ጦረኛው ሬናልድ፣ ተገጣጥመው የሚሠሩ መርከቦችን በግመል ወደ ቀይ ባሕር አስጭኖ በሐጃጆች መንገድ ላይ አሰማራ። ሰዎቹ በዐይዛብ ወደብ መርከቦችን አቃጠሉ፤ ከጅዳ የሚመጡ ሐጃጆችን ያዙ፤ ለመካና ለመዲና የተሰናዳ እህል አጠፉ። የግብጹ የባሕር ኃይል አዛዥ ሑሳሙዲን ሉእሉእ ተከታትሎ በሒጃዝ ዳርቻ ያዛቸው። የአንዳሉሱ ተጓዥ ኢብን ጁበይር ምርኮኞቹ ወደ እስክንድርያ ሲገቡ በዓይኑ አይቷል።

ይኸው ኢብን ጁበይር ግን ሰይፍ የሌለውን ሌላ ወንበዴም አሳይቶናል። ከዐይዛብ ወደ ጅዳ የተሻገረባቸው መርከቦች «ጀልባ» ይባላሉ፤ አማርኛችን እስከ ዛሬ የሚጠራበት ስም ነው። ሚስማር የሌላቸው፣ በኮኮናት ጭረት ገመድ የተሰፉ ነበሩ። ባለጀልባዎቹ የጀልባቸውን ዋጋ በአንድ ጉዞ ለመመለስ ሲሉ ሐጃጆችን አንዱን በሌላው ላይ ይደራርቡ ነበር። ሳንቃው የእነርሱ፣ ነፍስ ግን የሐጃጁ ጉዳይ እንደሆነ በግልጽ ይናገሩ ነበር። ስማቸው በወንበዴ መዝገብ የለም። በአደባባይ የሚሠሩ ነጋዴዎች ነበሩ።

ወንበዴው ብቻውን ኖሮ አያውቅም፤ ነገሩን ሁሉ የሚይዘው ይህ ነው። ኤቨሪ ከዘረፋው በኋላ ወደ ባሃማስ ሲደርስ፣ የናሳው ገዥ ኒኮላስ ትሮት ጉቦውን ተቀብሎ አስጠጋው። የኒውዮርኩ ገዥ ቤንጃሚን ፍሌቸር ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች የጉዞ ፈቃድ ይሸጥ ነበር። የዚያችው ከተማ ባለጸጋ ፍሬድሪክ ፊሊፕስ በማዳጋስካር አጠገብ ባለችው ሴንት ሜሪ ደሴት ለሰፈሩት ወንበዴዎች ልብስ፣ ባሩድና መጠጥ ይልክ ነበር። ወርቁን የሚመነዝር፣ ሐሩን የሚገዛ፣ ስንቁን የሚያቀብል፣ ዓይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ሹም ባይኖር ኖሮ ኤቨሪ ከባብ አል-መንደብ ባልደረሰ።

ፍርዱም የዚሁ ማስረጃ ነው። አውረንግዜብ ተቆጥቶ በሱራት የነበሩትን የእንግሊዝ ነጋዴዎች ሲያስር፣ የለንደን መንግሥት በኤቨሪ ራስ ላይ የገንዘብ ሽልማት አወጣ። ኤቨሪ አልተያዘም። ከተያዙት ስድስቱ በጥቅምት 1696 ለንደን ፍርድ ቤት ቆሙ። ጁሪው በ«ገንጂ ሰዋኢ» ዘረፋ ጥፋተኛ አይደሉም ብሎ ወሰነ። መንግሥቱ አፍሮ በሌላ ክስ መልሶ አቆማቸው፤ የእንግሊዟን መርከብ በመስረቅ። በዚህ ተፈረደባቸው፤ አምስቱም በኅዳር ተሰቀሉ። የሰቀላቸው የመርከቧ ስርቆት ነበር፤ ሐጃጆቹን የደፈሩበት ወንጀል በዚያ ችሎት ዋጋ አላገኘም።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ዘመን ብንመለስ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ኤቨሪ ባደፈጠበት በዚያው በባብ አል-መንደብ አካባቢ ዛሬ በየዓመቱ አሥር ሺዎች ኢትዮጵያውያን ይሻገራሉ። አብዛኞቹ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ የተነሡ፣ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመድረስ የቋመጡ ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሙስሊሞች ናቸው። በመጋቢት 2021 ከጅቡቲ ዳርቻ የተነሣች ጀልባ ላይ ከነበሩት 200 ያህል ሰዎች፣ ደላሎቹ ጭነቱ በዛ ብለው 80 ያህሉን በጉልበት ወደ ባሕር ወረወሩ፤ ቢያንስ 20ዎቹ ሞቱ። ወንበዴ ምርኮኛውን በሳንቃ ላይ አስኬዶ ወደ ባሕር ይጥላል የሚባለው በአብዛኛው ተረት ነው፤ ይህ ግን በእኛ ዘመን በእኛ ልጆች ላይ የሆነ ነው። በነሐሴ 2025 መጀመሪያ ከ150 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ኢትዮጵያውያንን፣ የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ዳርቻ ተገልብጣ ከ60 በላይ ሰዎች አለቁ። በሕይወት የሚሻገሩትም ብዙ ጊዜ በየመን ጠረፍ በአጋች እጅ ይወድቃሉ። በስልክ እየጮኹ ለወላጆቻቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ ይለምናሉ።

የሐጅ መንገድም ከዚህ ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። በ2024 ሐጅ በነበረው ብርቱ ሙቀት 1,301 ሰዎች እንደሞቱና ከእነዚህም 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸው እንደሆኑ የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ፈቃድ የሌለው ሐጃጅ ድንኳንም፣ አውቶቡስም፣ ማቀዝቀዣም የለውም። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በጉብኝት ቪዛ «ሐጅ እናስደርጋችኋለን» ባሉ ነጋዴዎች የተታለሉ ነበሩ። ሳንቃው የነጋዴው፣ ነፍሱ የሐጃጁ።

ደላላው እንደ ጥንቱ ወንበዴ ውል ያውቃል። ከመንደር መልማዩ እስከ ጀልባ ነጂው፣ ከጠረፍ አጋቹ እስከ ገንዘብ አስተላላፊው ድርሻው የታወቀ ነው፤ እርስ በርሳቸውም ይተማመናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ባዕድ አይደለም፤ በቋንቋችን ይናገራል፣ በስማችን ይጠራል፣ በጁሙዓ ከጎናችን ይሰግዳል። እንደ ጥንቱም የሚኖረው በየብስ ነው። በጅዳ የሚኖር ዘመድ «እርሱ ታማኝ ነው፣ ያደርስልሃል» ብሎ ስልኩን ይሰጣል። አንዱ ገንዘቡን በአደራ ይይዛል፣ ሌላው በኮሚሽን ያስተላልፋል። በትውልድ መንደሩ ባለፎቅ ቤት ሲሠራ ሽማግሌው «ልጁ ተሳካለት» ይላል። መስጂድ ሲያድስ ስሙ በዱዓ ይነሣል። ትሮትም ፍሌቸርም ከዚህ የተለየ አላደረጉም።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ቀድመው መርምረዋል። መንገድ ዘግቶ የሚዘርፍ ሰው ፍርድ በቁርኣን የታወቀ ነው። ጥያቄው ሰይፍ ስላልመዘዘው፣ ጓዝ ስለጠበቀው፣ ከኋላ ሆኖ ስላገዘው ሰው ነበር። የሐነፊ፣ የማሊኪና የሐንበሊ ሊቃውንት ረዳቱን ከዋናው ዘራፊ ጋር በአንድ ፍርድ አኖሩት። ሻፊዒዮች ደግሞ የተወሰነው ቅጣት በፈጻሚው ላይ ብቻ ነው ብለው ረዳቱን ዳኛው በሚያየው ቅጣት ይቀጣ አሉ። ልዩነቱ በቅጣቱ ዓይነት ላይ ነው፤ ከበደል ነጻ ነው ያለው የለም።

ልጁ በአጋች እጅ ወድቆ የሚጮኽበት አባት ከፍሎ ቢያስለቅቅ ይህን በደል አልሸከምም፤ እርሱ ራሱ ተዘራፊ ነው። ነቀፋው ከዘረፋው ድርሻ ለሚያገኘውና ዘራፊውን ለሚያከብረው ነው። ከእኛ የሚጠበቀውም ከአቅም በላይ አይደለም። የደላላ ስልክ አለመስጠት፣ ገንዘቡን አለመያዝ፣ ለሠርጉ አለመታደም፣ ሀብቱን እንደ በረከት አለመቁጠር። ኢማሞቻችንም ስለ ወለድ በሚናገሩበት ድምፅ ስለዚህም ይናገሩ። ሊሻገር ላሰበ ወንድማችን ደግሞ የተሻገሩት ብቻ ሳይሆኑ ያልደረሱትም ይነገሩት።

ቁርኣን በሱራ አል-ከህፍ የሙሳን (ዐ.ሰ) ጉዞ ሲተርክ፣ በባሕር ሠርተው የሚያድሩ ድሆችን መርከብና መርከብን ሁሉ በጉልበት የሚወስድ ንጉሥን ያነሣል። ኸድር መርከቢቱን ያነወራት ለድሆቹ ተቆርቁሮ ነበር። ትረካው የሚቆመው ከባለመርከቦቹ ወገን ነው።

ይህ ባሕር ደግሞ የተሻለ ትዝታ አለው። በ615 ገደማ፣ ከቁረይሽ ግፍ የሸሹት የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች፣ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች፣ ከጅዳ በስተደቡብ ባለችው በሹዐይባ ወደብ ሁለት የንግድ መርከቦች አገኙ። ባለመርከቦቹ በግማሽ ዲናር ጭነው ወደ ሐበሻ አሻገሯቸው። አሳዳጆቹ ዳርቻው ላይ ሲደርሱ ማንንም አላገኙም። የእነዚያን ባለመርከቦች ስም ታሪክ አልጠበቀልንም። ግማሽ ዲናር ተቀበሉ፣ ያሉትን ፈጸሙ፣ ሰዎቹን በሰላም አደረሱ። የኤቨሪን ስም የሚያውቅ ልጅ የእነርሱንም ሥራ ይወቅ። አላህ በየባሕሩ ላይ ያሉትን መንገደኞች ይጠብቅ፤ የሞቱትን ይማር፤ እኛንም የዘራፊ ረዳት ከመሆን ይጠብቀን።